አማቴ ያለበሱት ኮምፒውተር

ደህና የሚሠራ ዕቃ ላይ የተማረ ሰው አይምጣበት። ሌባ ቢመጣ ይዞት ይሄዳል፤ ቢያንስ ሌላ ቤት ሄዶ ይሠራል። ያልተማረ ቢመጣ ፈርቶ አይነካውም። የተማረ ሰው ግን፣ በተለይ መጽሔት ያነበበ የተማረ ሰው፣ «እስቲ ላሻሽለው» ብሎ እጅጌውን ይሰበስባል… ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተም በየቤታችሁ አይታችሁታል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የዓለምን ወንዞች ከነገባሮቻቸው በቃሌ እወጣቸዋለሁ። የቤቴን ኮምፒውተር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ድራሹን አጠፋሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የሰናይት ታላቅ ወንድም ተስፋይ የሚኖረው ፍራንክፈርት ነው። አገር ነፃ ከወጣ ወዲህ በየክረምቱ አስመራ የሚወርደው ዘመድ ሁሉ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዱ ጃኬት፣ አንዱ ቸኮላት፣ አንዱ ምክር ይዞ ይመጣል። ተስፋይ ኮምፒውተር ከነማተሚያው ተሸክሞ መጣ። ገጀረት ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥነው። ጎረቤት እየገባ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይለን ነበር። ሰናይት የወለደች ነበር የሚመስለው።

አማቴ አደይ ምሕረት ግን ከፓራዲዞ ሰፈር መጥተው ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ።

«እንዲህ ራቁቱን ነው የምታስቀምጡት?» አሉ።

መቼም እዚህ ከተማ የኖራችሁ ታውቃላችሁ። እኛ ጋ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። ራዲዮ ይለብሳል፣ ቴሌቪዥን ይለብሳል፣ ስልክ ይለብሳል፤ ፍሪጅ እንኳ አናቱ ላይ ጣል ይደረግለታል። አደይ ምሕረት ኪሮሻቸውን አወጡና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለኮምፒውተሩ ሙሉ ልብስ ሠሩለት። ለስክሪኑ አንድ፣ ለቁልፍ ሰሌዳው አንድ። ለሳጥኑ ደግሞ ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ኋላ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ልክክ ያለ፣ ዘርፍ ያለው፣ ማብሪያውና ዲስኬት መክተቻው ጋ ብቻ የተከፈተ። ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ያንን ሁሉ የሠሩት መነጽር ላይ መነጽር ደርበው ነው። «ያምራል» አልኳቸው። አማቱ የሠሩትን «አያምርም» ብሎ በሰላም የኖረ ወንድ ካለ አስተዋውቁኝ።

ጥር ቀረበ። ጥር አስመራ ውስጥ ወር አይደለም፣ ሠርግ ነው። የሰናይት ታናሽ እህት ሳባ ልታገባ ሆነ። «የጥሪ ካርዱን እኔ በኮምፒውተር አወጣዋለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ካርዱስ ቀላል ነበር። ጉዱ የስም ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩን ለማውጣት አደይ ምሕረትና የሟች ባለቤታቸው ወገኖች ሦስት እሑድ ተቀመጡ። ማን በየትኛው ለቅሶ አልደረሰም፣ በማን ሠርግ ላይ እኛ በር ሥር ተቀመጥን፣ ዓዲ ኣበይቶ ካሉት ዘመዶች ታላቁ ተጠርቶ ታናሹ ቢቀር ማን ያኮርፋል… ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ገብቶበታል። በመጨረሻ በአንድ ደብተር ተጻፈ። ከዚያ ዝርዝር አንድ ሰው ቢወድቅ ኩርፊያው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩና፣ ልብ በሉልኝ፣ በአደይ ምሕረት ፊት ቀደድኩት።

«ወደይ፣ ልጄ! ምን ነካህ?»

«እማማ፣ ወረቀት ይጠፋል፤ ይሄ አይረሳም» አልኩ፤ የሳጥኑን ዳንቴል እየደባበስኩ። ቅዳጁ በዚያው ቀን ምድጃ ማቀጣጠያ ሆነ።

ኮምፒውተሩ ግን ሰነፈ። ሲነሳ ደህና ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ይደክመዋል። አንድ ፊደል ነክቼ፣ ተነስቼ ሻሂ ቀድቼ ስመለስ ፊደሉ ገና መንገድ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ድርቅ ይላል። አጥፍቼ ሳሳድረው ጠዋት ደህና ሆኖ ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ እንደገና ያው። በዚህ አያያዝ ካርዱን አትሜ ስጨርስ ሳባ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ታስነሳለች። ካርዶቹ ደግሞ ከመጪው እሑድ ጀምሮ በየቤቱ መታደል አለባቸው።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ተስፋይ ትቶት የሄደውን የኮምፒውተር መጽሔት ገለጥኩ። «ማሽንዎ ዘገየ? ድራይቨሮቹን ያድሱ» ይላል። ድራይቨር ማለት፣ እኔም ያን ቀን ነው ያወቅሁት፣ ኮምፒውተሩን ከስክሪኑ፣ ከማተሚያው፣ ከቀረው አካላቱ ጋር የሚያግባባ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ገረመኝ። እኛ ቤት በአንድ ጠብ ውስጥ ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ጣሊያንኛና ዓረብኛ ይነገራል፤ ማንም አስተርጓሚ ፈልጎ አያውቅም። ፈረንጅ የሠራው ዕቃ ግን ከራሱ ስክሪን ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ አስተርጓሚው ሲያረጅ ደግሞ መተካት አለበት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች… እኔም መሳቢያ ከፈትኩ።

መሳቢያው ውስጥ ተስፋይ በሰው እጅ የላካቸው ዲስኬቶች አሉ። ላዩ ላይ በእጁ «አዲስ ድራይቨሮች፤ ከመንካትህ በፊት ደውልልኝ» ብሎ ጽፎበታል። አዲስ የሚለውን አነበብኩ፤ የቀረውን ንቄ ተውኩት። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ለአማቹ ደውሎ ይጠይቃል?

የመጀመሪያውን ዲስኬት ከተትኩ። በጀርመንኛ ጠየቀኝ። ከጀርመንኛ የማውቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ያ» አዎ፣ «ናይን» አይደለም። በእኛ ባህል ደግሞ ከሩቅ አገር መጥቶ ቤትህ የገባ እንግዳ አንድ ነገር ሲጠይቅህ እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። «ያ» አልኩት። እንደገና ጠየቀኝ፤ «ያ»። አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀኝ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በጨዋ ደንብ «ያ» አልኩት። ኋላ እንደተነገረኝ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ይህ ለሌላ ዓይነት ስክሪን የተሠራ ነው፤ ቢሆንም ልቀጥል?» የሚል ዓይነት ነበር፤ ሌላው ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። መጀመሪያ ፊደሎቹ የክርስትና ዳቦ አከሉ። ቀጥሎ ቀለሙ ሄደ። ቀጥሎ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ሳጥኑ ላይ ግን ማብሪያው አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች፤ ሰውዬው አለ፣ አይታይም። የሦስት እሑድ ሽምግልና፣ ታላቅና ታናሹ፣ አኩራፊና ታራቂው ሁሉ ከፊቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠዋል፤ አንዱንም ማየት አልችልም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ሰናይት ገባች። «መምህር፣ ስክሪኑ ለምን ጠቆረ?»

«እያሻሻልኩት ነው።»

«ተሻሻለ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየችው። ከዚያ «እማዬ ቅዳሜ ዝርዝሩን ልታይ ትመጣለች» ብላ ወጣች። በሰላሙ ጊዜ ይህንን ወሬ በደስታ ነበር የምሰማው።

ዓርብ ስልክ ጮኸ፤ አደይ ምሕረት ነበሩ። «ወደይ፣ ስሞቹ ደህና ናቸው?»

«እወ፣ እማማ፣ ደህና ናቸው» አልኩ። መዋሸቴ አልነበረም፤ ደህና ናቸው፣ የት እንደደረሱ ነው የማይታወቀው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት አማቴ አሳዘኑኝ። ሴትዮዋ ባላቸው የሞተባቸው ናቸው፤ የመጨረሻ ልጃቸውን ነው የሚድሩት፤ ያ ደብተር ደግሞ ከሁሉም ጋር ታርቀው የጨረሱት ሥራቸው ነበር። እኔ ነኝ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ የከተትኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሓረጉን ለመንኳት። ሓረጉ ጎረቤታችን ናት፤ በትግሉ ጊዜ ሜዳ ላይ የመገናኛ ሬዲዮ ስትጠግን የኖረች ታጋይ፣ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ትጠግናለች። ታጋዮች ማዕረግ አያውቁም፤ አለቃውንም ዘበኛውንም «አንተ» ነው የሚሉት። በላስቲክ ጫማዋ ገባችና ወንበሬ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልተነካ ማሽን እኔ ጋ አይደርስም። ምን ነካህ?»

ተናዘዝኩ። አሥራ አንዱንም። አልሳቀችም፤ ቢስቁ ይሻላል አንዳንዴ። «በጦር ሜዳ እንዳንተ ያለ ሰው ሬዲዮ አጠገብ አናስቀምጥም ነበር» አለችና ሥራ ጀመረች። አንድ ቁልፍ ተጭና ስታስነሳው ማሽኑ ያለ ምንም ጌጥ፣ በተራ ስክሪን ተነሳ። አዲሱን ድራይቨር ነቀለች፣ የድሮውን መለሰች። አጥፍታ አበራች። ስሞቹ ከነአያቶቻቸው ተሰልፈው ብቅ አሉ። ጨዋ ሰው ባልሆን ስክሪኑን እስመው ነበር።

በዚሁ መሐል አደይ ምሕረት ደረሱ። መነጽራቸውን ደረቡና ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ አረጋገጡ። «የቐንየለይ፣ ወደይ» ብለው አመሰገኑኝ። እኔም ያለ ኀፍረት ተቀበልኩ። ማተም ጀመርን። አሥር ካርድ፣ ሃያ ካርድ… ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ማተሚያው ተንፈራገጠ፣ ስክሪኑ ድርቅ አለ።

«አያችሁ!» አልኩ። «አላልኩም? ድራይቨሩ አርጅቷል!»

ሓረጉ አልሰማችኝም። ተነስታ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ። ከዚያ ዞራ ከኋላ በኩል ያለውን ዳንቴል ገለጠች። የወጣው ሙቀት እኔ ድረስ መጣ።

«ይህንን ያለበሰው ማነው?»

ሰናይት ጣራ ጣራ አየች። አደይ ምሕረት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣመሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እኔ ቶሎ ብዬ «አቧራ ነው፤ የዚህ ሰፈር አቧራ መቼም…» አልኩ።

«ኣይፋል፣ አቧራ አይደለም» አለች ሓረጉ። «ልብሱ ነው። ከኋላው ማራገቢያ አለው፤ መተንፈሻውን ደፍናችሁበት በሙቀት እያፈናችሁት ነው። ከመጀመሪያውም ድራይቨሩ ምንም አልነበረበትም፤ እሱ ነው በጀርመንኛ ለሚጠይቀው ዲስኬት አሥራ አንድ ጊዜ እሺ ብሎ ያበላሸው።»

ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼን ነፋስ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ በካርታ አሳይቻለሁ። በራሴ ሳሎን ነፋስ መግቢያ ሲያጣ ግን መፍትሔውን ከጀርመን ዲስኬት ፈለግሁ።

አደይ ምሕረት የተገለጠውን ዳንቴል በእጃቸው ዳሰሱት። አለቀልኝ አልኩ፤ ሠርጉም ካርዱም ቀርቶ እኔና እሳቸው ስንኳረፍ ሽማግሌ የሚገባው በእኛ ላይ ነው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «ታዲያ ያንን የሩቅ አገር ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ከምትመልስለት፣ እኔን አንድ ጊዜ አትጠይቀኝም ነበር?» አሉ። ከቦርሳቸው መቀስና ኪሮሽ አወጡ። ማራገቢያውን በስንዝራቸው ለኩ፣ የዳንቴሉን ጀርባ በክብ ቀደዱ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር ዙሪያውን ትናንሽ አበባ እየሠሩ ቋጩት። አንድ ሻሂ እስኪጠጣ ድረስ አልፈጀባቸውም። ሓረጉ መዳፏን አስጠግታ፣ «እወ፣ አሁን ተነፈሰ» አለች፤ ከእሷ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

ካርዱ በዚያው ቀን ታትሞ አለቀ። ሊጨርስ ሲል ማሽኑ እንዳልደከመ ያዩት አደይ ምሕረት፣ «ካልደከመውማ» ብለው በሦስቱ እሑድ ከዝርዝሩ የተሰረዙትን አሥራ አምስት ሰዎች በቃላቸው አስጨመሩኝ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ሠርጉ ደመቀ፤ ማንም አላኮረፈም።

ሰሞኑን ተስፋይ ደብዳቤ ልኳል። «ድራይቨሮቹ ረዱህ? የባሰ ከሆነ ከዚህ የሚሻል ኮምፒውተር እልክልሃለሁ» ይላል። የምመልሰው ቸግሮኝ ብዕር እንደያዝኩ አደይ ምሕረት እኔኑ አስጽፈው አሳረፉኝ። «ላከው፣ ልጄ፤ የመተንፈሻውን ልክ ግን አስቀድመህ ጻፍልኝ። ለመምህሩ እንዳትነግረው።»