የእናቴና የእትዬ ሐዋ አጥር

የፒያሳ ቤት ፊቱ ለመንገደኛ፣ ጓሮው ለባለቤቱ ነው። ከፊት ሲያዩት ሱቅ ነው፣ ማኪያቶ ነው፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት ነው፤ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ከልቡም የሚስቀው ጓሮ ነው። ቤተሰብን ማወቅ ከፈለጉ በጓሮ በኩል ይግቡ፤ ውሻ ከሌለ።

የእኛ ጓሮ ከጎረቤታችን ከእትዬ ሐዋ ጓሮ ጋር አንድ ነበር። የእናቴ ነጠላና የእትዬ ሐዋ ሻሽ በአንድ ገመድ ይሰጣሉ፤ በርበሬያቸው በአንድ ሰሌን ላይ ይደርቃል፤ እኛም ልጆቻቸው በአንድ ሳፋ እየታጠብን አደግን። ይህን ሁሉ ዘመድነት አንዲት ዶሮ አፈረሰችው። የእትዬ ሐዋ ዶሮ የእናቴን ጎመን ጫረች፤ እናቴ ዶሮዋን ረገመች፤ እትዬ ሐዋ እርግማኑን ለራሳቸው ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ መሃል ላይ የቆርቆሮ አጥር ቆመ።

ኩርፊያ ግን ጆሮ አይደፍንም። ከወዲያ ሳል በተሰማ ቁጥር እናቴ፣ ያቺ ሴትዮ ሐኪም ቤት ሄዳ እንደሆነ ጠይቅ ትለኛለች፤ እኔ ላክሁህ እንዳትል ብላም ታስጠነቅቀኛለች። እትዬ ሐዋም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የእናቴ ጉልበት እንዴት እንደዋለ ይጠይቁና፣ መጠየቄን እንዳትነግራት ይሉኛል። በዚህ ዕድሜዬ የሁለት መንግሥታት ሰላይ ሆኜ አረፍኩት።

ዘንድሮ የክረምቱ ንፋስ አጥሩን ጣለው። እናቴ አናጢ ጥራ አለችኝ። እኔ ግን ወንድነቴ ተነሳብኝ። ቴዎድሮስ አደባባይ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው መዶሻ ሲይዝ አይተው ያውቃሉ? ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ገና ከጅምሩ ሚስማሩን አጎበጥኩ፤ ቀጥሎ አውራ ጣቴን መታሁ።

እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወጣች። እትዬ ሐዋም ከወዲያ ቆመው ያዩኝ ጀመር። መጀመሪያ ሁለቱም የሚናገሩት ለእኔ ነበር፤ እናቴ ቋሚው ተጣመመ ስትል እትዬ ሐዋ ጉድጓዱ አልጠለቀም ይላሉ። ቀስ እያሉ እኔን ትተው ስለ እኔ እርስ በርስ ማውራት ያዙ።

«አባቱም እንዲሁ ነበር» አለች እናቴ።

«ነፍሱን ይማረውና፣ የዶሮ ቤት ሠርቶ በሩን ረስቶት አልነበር?» አሉ እትዬ ሐዋ።

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ እንባዋ እስኪወርድ። እትዬ ሐዋ በወደቀው ቆርቆሮ ላይ ተራምደው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ እንዳላየ ሆኜ መዶሻዬን አነሳሁ፤ የእኔም ዓይን ደህና አልነበረማ።

አመሻሹ ላይ አጥሩ ቆመ። ኮራሁ። ዞር ስል እትዬ ሐዋ አሁንም እናቴ ጎን ናቸው። በመንገድ ዞረው ወደ ቤታቸው እንዳይገቡ፣ የግቢያቸው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። እናቴ አጥሩን አየች፣ እኔን አየች።

«በል ንቀለው» አለችኝ።

ደግነቱ፣ እኔ የመታሁት ሚስማር ለመንቀል አያስቸግርም።