ክቡር ተቆጣጣሪና «ይነሳ» የተባለው አግዳሚ

በዚህች ዓለም ላይ ያለ ጡረተኛ የተቆፈረ ጉድጓድ የለም። ዶማው ገና መሬት ሳይነካ አንድ አዛውንት ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከች ይላሉ። ማን እንደሚነግራቸው ሃያ ዓመት በፎርማንነት ስሠራ ሊገባኝ አልቻለም።

አያቶቻችን ያቆሙትን የሰፈር መናፈሻ እንድናድስ ሲሰጠን ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠርን፤ በር ላይም ጠባቂ አቆምን። የኛው አዛውንት በሁለተኛው ቀን ከአጥሩ ውስጥ ነበሩ። «የውሃው ጉዳይ ነው» ሲሉት ጠባቂው ከፈተላቸው። የትኛው ውሃ? እሱም አልጠየቀ፣ እሳቸውም አልተናገሩ። ግንበኞቹ «ክቡር ተቆጣጣሪ» የሚል ማዕረግ ሰጧቸው፤ እሳቸውም ሹመቱን ሳያቅማሙ ተቀበሉ።

ክቡርነታቸው ንግግራቸውን ሁሉ የሚከፍቱት በአንድ ቁልፍ ነው።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ይቺ መንገድ ወደ ግራ አዘንብላለች።»

«ጋሼ፣ በውሃ ልክ ነው እኮ የሠራናት።»

«ውሃ ልኩስ በምን ተሠራ?»

ላሳፍራቸው ብዬ ውሃ ልኩን አስቀመጥኩ። አረፋዋ ጥፍር ታህል ወደ ቀኝ ሸሸች። ሦስት ሜትር ንጣፍ አፍርሰን እንደገና ሠራን።

ዥዋዥዌው በተተከለ ዕለት ደግሞ «ልጅ የሚቀመጥበት ነገር አስቀድሞ በሽማግሌ ይፈተናል» ብለው ወጡበት። ሰንሰለቱ ቻላቸው። ለማውረድ ግን ሁለት ሰው ፈጀ፤ አቅቷቸው ሳይሆን ስላልፈለጉ።

ሐሙስ ጠዋት ነው ነገሩ የከረረው። አርክቴክቷ በላከችው ዝርዝር፣ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ፣ «አሮጌው የድንጋይ አግዳሚ፤ ይነሳ» ይላል። አግዳሚው የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እያዩ የሚቀመጡበት፣ መሐሉ ከመቀመጥ ብዛት የጎደጎደ አንድ ወጥ ጥርብ ድንጋይ ነው። ካልሰበሩት በቀር ንቅንቅ አይልም። ግንበኛው ትልቁን መዶሻ ይዞ ሲመጣ፣ ክቡርነታቸው መሐሉ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይነሱልኝ።»

«አልነሳም።»

«ትእዛዝ ነው። ይኸው፣ ‹ይነሳ› ይላል።»

መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «እኔ ምን አገባኝ» ማለቱንም ረሱት።

«አንተ ልጅ፣ አሮጌውን አጥር ‹ይፍረስ› ብላለች። ጉቶውን ‹ይነቀል› ብላለች። እዚህ ሲደርስ ምን ነክቷት ‹ይነሳ› አለች?»

«ያው ነው፣ ጋሼ» አልኩ እኔ።

«ያው ከሆነ ደውልላት። እናቶቹ ሲመጡ በምን ላይ ልታስቀምጣቸው ነው? በውሃ ልክህ ላይ?»

ከሰውየው ለመገላገል ስል ብቻ ደወልኩ። «ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ‹ይነሳ› ያልሽው ምን ማለት ነው?» አልኳት አርክቴክቷን።

«ፎቶ ይነሳ ማለቴ እኮ ነው፤ ለመዝገብ። ነካችሁት እንዴ?»

«ኧረ አልነካነውም» አልኩ፣ ለግንበኛው በእጄ «አስቀምጥ» እያልኩ። ግንበኛው መዶሻውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። አንድ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ማንም የማይገጥመውን ድንጋይ፣ ልጆቼን ይዤ የምመጣበትን መናፈሻ ድንጋይ፣ በአንዲት ቃል ላስፈልጠው ነበር።

ክቡርነታቸው «ብዬህ ነበር» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የአግዳሚውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉለት።

ስልኬን አወጣሁ። «እንግዲህ ለፎቶው ይነሱልኝ።»

«ሰው ካልተቀመጠበት ቁመቱ በምን ይታወቃል? ለልክ ነው» ብለው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ፎቶው ከነእሳቸው መዝገብ ገባ። ከሥሩ ያለችውን የአስተያየት ሳጥን የምሞላው እኔ ነኝ፤ እንዲህ ብዬ ሞላኋት፦ «ነባር ነው። እዚህም እዚያም ቢሰነጠቅም ጠንካራ ነው። ከመናፈሻው እንዳይወጣ።»