የእድር ድንኳን በወንዝ ዳር

በእኛ አገር ሰው ወንዝ የሚወርደው ጉዳይ ሲኖረው ነው። ልብስ ያጥባል፣ ከብት ያጠጣል፣ ይሻገራል፤ በጥምቀት ደግሞ ቀሐ ወርዶ ጠበል ይረጫል። ያለ ጉዳይ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ ሲያይ የሚውል ሰው ካገኛችሁ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ ፈረንጅ ነው። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ግን ማራኪ ሰፈር የተከራየኋትን ክፍል በአንድ ጎን ፀጉር ቤት፣ በሌላው ጎን ብረት በያጅ አቅፈዋት ስለሚውሉ ዝምታ የሚባለውን ነገር ከረሳሁት ቆየሁ። ስለዚህ ጓደኛዬ ሙላት «መገጭ ዳር ድንኳን ተክለን፣ ታንኳ እየቀዘፍን ትንሽ አየር እንቀበል» ሲለኝ ሁለተኛ አላስባልሁትም።

ድንኳን ከየት ይመጣል ብትሉ፣ ሙላት የሰፈራችን እድር ንብረት ጠባቂ ነው። ለሰርግም ለለቅሶም የሚከራየውን ትልቁን ትቶ፣ ወጥ የሚሠራበትን ትንሹን ሸራ አስፈቅዶ ይዞ መጣ። ጭስ ጠግቦ ጠቁሯል። አዘዞ ላይ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ስናስጭነው ረዳቱ ሸራውን አየና ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለን። እኛ ሳቅን። ያኔ እንኳ አልነቃንም!

መገጭ ወደ ጣና ሊገባ ሲል ጭምት ይሆናል። ከላይ ድንጋይ ሲያላጋ የነበረው ውሃ እዚያ ሲደርስ ይሄድ ይሁን ይቁም አይታወቅም። ያረፍነው የሙላት እናት አበልጅ ከሆኑት ከአያ ደሴ ዘንድ ነው። አያ ደሴ ከገና ወዲህ ታመው መደብ ላይ ውለዋል። ከቤቱ በታች፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ካስማ ስንመታ ባለቤታቸው እማማ ጥሩ ወጥተው አዩንና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ምነው ልጆቼ፣ ቤታችን ጠበባችሁ? እንግዳ ደጅ አሳደሩ ልታስብሉን ነው?»

ተፈጥሮን ለማየት እንደመጣን አስረዳናቸው። እሳቸው ግን ወደ ሙላት ዞረው «ደህና ነው ጓደኛህ?» አሉ።

ሲመሽ አያ ደሴ ስለ በሽታቸው አንድም አላወሩ። ያወሩት ከወንዙ ማዶ ስለሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ስለ ወርቁ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ወርቁ «ደሴ በሕይወት እያለ ደጁን ብረግጥ» ብሎ በታቦት ከማለ ዓመታት አለፉ። ሽማግሌ ተልኮ ተመልሷል፣ የነፍስ አባት ገዝተው ደክመዋል። «መሞቱንስ እሞታለሁ» አሉ አያ ደሴ፣ «እሱን ሳላየው መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።» እግዜር ያውቃል ብለን ወጣን።

በማግስቱ ማለዳ ሙላትን ተኝቶ ትቼው የጎረቤት ታንኳ ለምኜ ውሃው ላይ ወጣሁ። የደንገል ታንኳ ሱሪ ያረጥባል እንጂ ሸጋ ነገር ነው። ጉም ከውሃው ላይ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ወፎቹ እኔን ከቁም ነገር አልቆጠሩኝም። በያጅ የለ፣ ፀጉር ቤት የለ። ደስ አለኝ! አልዋሻችሁም፣ ለብቻዬ ሳቅሁ። እየተሽከረከርኩ ወደ ማዶ ስጠጋ ነው ጩኸቱ የተሰማው።

ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ የታጠቁ ሽማግሌ ደረታቸውን እየመቱ ቁልቁል ይወርዳሉ። «አሻግረኝ ልጄ! አሻግረኝ!»

ደግፌ አስገባኋቸው። «እግዜር ያጥናዎ አባቴ። ማን ሞተብዎ?»

«ወንድሜ! ደሴ ወንድሜ! ድንኳኑን አታየውም እንዴ?»

ዞሬ አየሁ። እውነትም ከማዶ ሲታይ የለቅሶ ድንኳን እንጂ ሌላ ምንም አይመስልም። አያ ደሴን ደግሞ ቂጣ በወተት ሲበሉ ትቻቸው ነው የወጣሁት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እውነቱን ብናገር መሐላ አለባቸውና ታንኳውን አዙር ማለታቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ በቁሙ ላለ ሰው እያስለቀስኩ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ቀዘፍኩ።

እሳቸው ያለቅሳሉ። «ወንድሜ፣ ድንበሩን የገፋሁት እኔ ነበርኩ! አንተ ምን አደረግህ፣ ወንድሜ!» ደግሞ ለቅሷቸውን ገታ አድርገው «በግራ! በግራ ግፋ እንጂ፣ ጣና ልትከተኝ ነው?» ይሉኛል። ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ገና ከመድረሳችን ከታንኳው ዘለው ወረዱና እየጮሁ ግቢው ውስጥ ገቡ። ሙላት ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ከድንኳኑ ብቅ አለ። አያ ደሴም ጩኸቱን ሰምተው በከዘራ እየተደገፉ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ማን ሞተ ወርቁ?»

አያ ወርቁ ለቅሷቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ወንድማቸውን አዩ፣ የቆሙበትን ግቢ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ያን አስተያየት ባልነግራችሁ ይሻላል።

«ግባ እንጂ» አሉ አያ ደሴ፣ «ለቀስተኛ ደጅ አይቆምም። ስለ ድንበሩም ያልከውን ሰምቼሃለሁ፤ አገር ነው የሰማህ።»

አያ ወርቁ የወንድማቸው እግር ላይ ወደቁ። አያ ደሴ ጎንበስ ማለት ስላልቻሉ ከዘራቸውን ጥለው አጠገባቸው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። እማማ ጥሩ እልልታውን አቀለጡት። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ለቅሶውን ሰምቶ ንፍሮ ይዞ ሲመጣ እልልታ ጠበቀው፤ ግራ ቢገባውም አልተመለሰም፣ ተቀምጦ ንፍሮውን በላ። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲወጣና ሲገባ ዋለ። ዝምታ ፍለጋ የወጣሁት ሰውዬ እንስራ ሙሉ ጠላ ሳዞር መሸብኝ።

በማግስቱ ሸራውን ለመጠቅለል የመጀመሪያውን ካስማ ስንነቅል አያ ደሴ በአያ ወርቁ ትከሻ ተደግፈው ከቤት ወጡ።

«ምነው ልጆቼ፣ ምን አስቸኮላችሁ? ለለቅሶ የተነሳችው እህታችን ከጭልጋ ገና አልደረሰችም እኮ!»

ሙላት አየኝ፣ አየሁት። ካስማውን መልሰን መታነው።