የአዲሱ ቦዲ አምባሳደር

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ መኪናው መንገድ መሀል ስትቆምበት የሚያፍር ሳይሆን የሚያስረዳ። ከኋላው የጥሩንባ ጋጋታ እየወረደበት ኮፈኑን ይከፍትና፣ ሊገፉለት የመጡትን ሰዎች ሰብስቦ ስለ አዲሱ ሞዴል ገለጻ ይሰጣል። ገለጻው ሳያልቅ መግፋት ክልክል ነው።

የአንዲት መምህርት ዕጣ ሆኖ እንዲህ ያለው ሰው ባሏ ነው። በርና መስኮት የሚሠራ አናጺ ነው፤ የገጠመው በር ሲንቋቋ ሰምቻለሁ የሚል ሰው የለም። ሰፈሩ ግን በበሩ አይጠራውም። «ክቡር አምባሳደር» ይሉታል፤ ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት ደብዳቤ የሚነዳትን ፒካፕ የሠራውን ፋብሪካ ስለሚወክል።

አሮጌዋን ቦዲ፣ የድሮዋን ሞዴል፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን አልከዳችውም። ስለዚህ ፋብሪካው ፒካፑን ከጎማ እስከ ጣሪያ እንደ አዲስ ቀርጾ ሲያወጣ ፎቶዋን ብቻ አይቶ ለመግዛት ተመዘገበ። መኪናዋ በገባች ቀን ሚስቱን ከክፍል አስጠርቶ አሳያት።

«ሞተሩ አነስ ብሏል፤ ጉልበቱ ግን ጨምሯል» አላት።

«እንዴት ሆኖ?»

«እሱን እንኳ መሐንዲሶቹ ናቸው የሚያውቁት።»

በሦስተኛው ሳምንት ማርሹ ሁለተኛ ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ከገበያ እስከ ቤት እያጓራች ስታዘግም፣ «ረጋ በሉ እያለችን ነው» አለ። ቀጥላ በሮቿ ጥርቅም ብለው ተዘግተው ሳለ «በር ክፍት ነው» እያለች መጮህ ጀመረች። «ጥንቁቅ ናት» አለ። ዘይት ስትጨርስ ጊዜ «አዲስ ሞተር ይጠማዋል» አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩም ቢጫውም መብራት ሲሰባሰብ መምህርቷ ምንድነው ብላ ብትጠይቀው፣ «የድሮ መኪና ታሞ ዝም ይላል። ይቺ የሚያማትን ትናገራለች» ብሎ ዳሽቦርዱን በእጅጌው ወለወለው።

መካኒኩ አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይቺ መኪና ምን ሆነች መሰለዎት...» ብሎ ገና ሲጀምር አስቆመው።

«ምን ሆነች አትበለኝ። ምን ፈለገች በለኝ።»

ዓመት ሊሞላት ሲል ፋብሪካው ደብዳቤ ላከ። የዚያ ዓመት ምርት ሞተሩ ላይ እንከን ስለተገኘ ባለቤቶች መኪናቸውን ይዘው ለፍተሻ እንዲቀርቡ ይላል። ሌላው ሰው ይራገም ነበር። እሱ ደብዳቤውን ቆሞ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«አየሽ? ጠሩን! ሌላው ፋብሪካ እኮ ሸጦ ይረሳሻል።»

«የጠሩን ስላበላሹት ነው።»

«ቢሆንስ? በስሜ ነው የጻፉልኝ።»

ሸሚዙን አስተኩሶ መኪናዋን ወሰዳት። ፈተሿትና «ደህና ናት» ብለው መለሷት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ለአንድ አዲስ ጤና ጣቢያ የሠራቸውን አሥራ አራት በሮች ጭኖ፣ ሚስቱን ጋቢና አስቀምጦ ሲሄድ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ «ቋ!» አለና ጸጥ አለ። በሮቹ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሱ ሥራው ለሌላ አናጺ እንደሚሰጥ ተነግሮታል። ዝናቡም እንደ ተቀጠረ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ከተፍ አለ።

አምባሳደሩ ዘሎ ወረደና ካፖርቱን አወለቀ። መምህርቷ ለበሮቹ መስሏት ነበር። ኮፈኑን አለበሰው።

«አንተ ሰውዬ! የምንበላው በበሮቹ ነው ወይስ በኮፈኑ?»

መልስ አልጠበቀችም። መንገዱ መሀል ገብታ እጇን ዘረጋች። የቆመላት ሽንኩርት አራግፎ የሚመለስ ነጋዴ ነው፤ የሚነዳውም የተቀናቃኙን ፋብሪካ ፒካፕ፣ ያውም ዝገት የበላትን። ሦስቱ ተጋግዘው በሮቹን አዛወሩ። አምባሳደሩ ጋቢና አልገባም አለ። በሮቹ ላይ ተቀምጦ፣ ሸራ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጥሏት የሚሄዳትን መኪናውን እያየ ተጓዘ። ሃያ ደቂቃ ሲቀራቸው ደረሱ። ሥራው ተረፈ።

በማግስቱ መኪናዋን የሸጠላቸው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሁለቱንም ቢሮው አስገባቸው። ሰውዬው አፍሯል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። መኪናዋን እንወስድና መጋዘን ከቀሩን አሮጌ ቦዲዎች አንዷን እንሰጥዎታለን።»

መምህርቷ በሆዷ እልል አለች።

«ይቺስ?» አለ ባሏ።

«ለመለዋወጫ ትፈታለች።»

አምባሳደሩ የመኪናዋን ቁልፍ አውጥቶ በእጅጌው ወለወለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረና፣ «አንቺ ያልሽው ይሁን። በዝናብ አስመትቼሻለሁ» አላት።

«ትቀየርልን» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጀርባዋን ታማ ዓመት ከመንፈቅ የተኛችበት ጊዜ ፊቷ ድቅን አለ። ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ፣ ጠያቂው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ሲወጣ፣ ይሄው ሰው በር ላይ ቆሞ «ዛሬ እኮ ሳትደገፍ አሥር ደቂቃ ተቀመጠች!» እያለ ለእያንዳንዱ ያስረዳ ነበር። ድምፁም አሁን ለፒካፑ የሚያወጣው ነበር። ያን ጊዜ ስትሰማው ታፍር ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ትሞክራለች። ከመኪና ጋር እኩል መሰለፏ ደስ አላላትም። ቢሆንም አፏ የያዘውን ቃል ተወ።

«ሞተሩን ቀይሩልንና እንውሰዳት» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለች። ባሏ ጠረጴዛው ሥር እጇን ጨበጣት።

ሞተሩ ተቀየረ። በመጀመሪያው ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አደረሳትና፣ መምህራኑ ሁሉ እያዩ መኪናዋ ሁለቴ አሳላትና ቆመች። የስፖርት መምህሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ፣ ዛሬም?»

መምህርቷ በሩን በቀስታ ዘግታ ቦርሳዋን አስተካከለች።

«ሞተሩ እንግዳ ነው» አለችው፣ «ሰፈሩን ገና አልለመደውም። አንተስ መጀመሪያ ስትቀጠር ሳምንቱን ሙሉ የተሳሳተ ክፍል ስትገባ አልነበር?»

ወርዶ ከኮፈኑ ሥር የተደፋው ባሏ ቀና አላለም። ትከሻው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታይ ነበር።