የመካከለኛው ጋራ ሰው

እኛ የደባርቅ ሰዎች መቆለፍ አንወድም። ጨርሶ አንቆልፍም ማለቴ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሱቄን ማታ ማታ በሁለት ጓጉንቸር ነው የምጠረቅመው። የማወራው ስለ ሌላው መቆለፍ ነው። ደብዳቤ ለሰው አስይዛችሁ ስትልኩ ፖስታውን መልእክተኛው ፊት ብታሽጉት፣ ሰውየው እስከ አዲ አርቃይ ድረስ ፊቱን እንዳጠቆረ ነው የሚሄደው። «አላመነኝም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አላመናችሁትም። ስለዚህ ጨዋ ሰው ፖስታውን ክፍት አድርጎ ይሰጣል፤ ጨዋ መልእክተኛም ሳያነብ ያደርሳል፤ ቢያነብም እንዳላነበበ ሆኖ ያስረክባል። «የምደብቀው የለኝም» ማለት እኛ ዘንድ ትልቅ ኩራት ነው። ኢንተርኔት ሲመጣም ይህንኑ ኩራታችንን ይዘን ገባንበት።

በግቢዬ ውስጥ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ የሚኖር መላኩ የሚባል መምህር ነበር። የዳባት ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ ያስተምራል። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ጎንደርና አዲስ አበባ የተበተኑት የደብሩ ልጆች አይተው እንዲያስቡላት ብሎ፣ ማንም ሳያዘው ድረ ገጽ ሠራላት። ለጽድቅ ነው የሠራው፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ግን ምን ያስዋሸኛል፣ ልቡ የደብሩ አስተዳዳሪ የመምሬ ተገኝ ልጅ ዘንድ ነበር። ትርንጎ ትባላለች፣ ነርስ ናት። እሷና እሱ ተስማምተው ጨርሰዋል፤ የቀረው ሽማግሌ ብቻ ነው። እሑድ ሊሄዱ ከተሰየሙት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ዕለት ሰበካ ጉባኤው ድረ ገጹን ሊመርቅ ኢንተርኔት ቤት ተሰበሰበ። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኗ ከነዛፎቿ ብቅ ስትል ሁሉም «እሰይ!» አለ፤ መምሬም አማተቡ። ይህን ጊዜ ከደጀ ሰላሙ በስተቀኝ አንዲት ሴት ወጣች። የዋና ልብስ ለብሳለች ልበል፣ ልብሱ ጥሏት ሸሽቷል ልበል፣ እናንተው ፍረዱ። በአንድ ወር እንዴት እንደምንከሳ ልትነግረን ነው የመጣችው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ለመክሳት የማንንም ምክር አንፈልግም ነበር።

መምሬ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው ኮምፒዩተሩን አለበሱት።

«ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አሉ ወደ መላኩ ዞረው።

«እኔ አላስገባኋትም መምሬ!»

«ታዲያ በእግሯ መጣች?» አሉ ጡረተኛው የጉባኤው አባል አቶ አድማሱ።

ማምሻውን ከመምሬ ቤት ሰው ተላከብኝ፤ «እሑድ አትምጡ» የሚል ነበር መልእክቱ። መላኩ ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። ትርንጎም በማግስቱ በሱቄ ደጃፍ ስታልፍ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። አንጀቴን በላችኝ። በአንዲት በማናውቃት ሴት ምክንያት የሁለት ልጆች ትዳር ሊፈርስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መላኩ ድረ ገጹን ትምህርት ቤት ከፈተው። ሴትየዋ የለችም። በስልኬ ከፈትነው። የለችም። ኢንተርኔት ቤቱ ተመልሰን ብንከፍተው እህቷንም አስከትላ ጠበቀችን። ባለቤቱ በታቦት ማለ፤ በሰው ድረ ገጽ ላይ የማስታወቂያ ምስል ይለጠፋል ሲባል መስማቱም ገና ያን ጊዜ ነበር። መላኩ ራሱን በእጁ ያዘ። ድረ ገጹ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እኛ ዓይን እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል አለኝ። ሳይቆለፍ፣ እንዲሁ ክፍቱን ስለሚጓዝ፣ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ በሚመጣው መንገድ ላይ ያለ ሰው ገልጦ የፈለገውን ይለጥፍበታል። ሲቆለፍ ግን ከመነሻው ተጠቅልሎ አንባቢው እጅ ሲገባ ብቻ ነው የሚፈታው፤ መሐል ላይ የነካው ካለም ወዲያው ይታወቃል።

ቅዳሴ እስኪወጣ ጠብቀን መምሬን ከአቶ አድማሱ ጋር ከቤተ ክርስቲያኗ ዛፍ ሥር አገኘናቸው። መላኩ ለኔ እንዳስረዳኝ አስረዳቸው። አቶ አድማሱ አላስጨረሱትም።

«ቤተ ክርስቲያን ምን ምስጢር አላት? ሰው ይያት ብለን አይደል እንዴ የሰቀልናት? ምኗ ነው የሚቆለፈው?»

«እንዳያዩዋት አይደለም ጋሼ፤ እንዳይነካኳት ነው» አለ መላኩ።



«በየዳ አገር ዜማ ስማር ነው» አሉ መምሬ። «እናቴ ታማ ኖሮ ዳነች። ‹ድኛለሁ፣ ትምህርቱን እንዳይተው› ብላ ላከችብኝ። ያን ጊዜ ስልክ የት አለና፤ ከጋራ ጋራ እየተጣሩ ነው የሚያደርሱት። አንዱ ይጣራል፣ ማዶ ያለው ተቀብሎ ለቀጣዩ ይጣራል። መካከለኛው ጋራ ላይ ያለው ሰው መልእክቱን ተቀበለና፣ ልጅ እናቱን ቢያይ ምን አለበት ብሎ፣ ‹ቶሎ ድረስ› የምትል ከራሱ ጨመረባት። እኔ ‹ቶሎ ድረስ›ን ስሰማ ሌላውን መች አመንሁት! ሞታ ነው የደበቁኝ ብዬ እያለቀስሁ ገደሉን ወረድሁ። ከደጃፍ ስደርስ ጌሾ ስትወቅጥ አገኘኋት። ደንግጣ ‹ማን ሞተ?› አለችኝ።»

አቶ አድማሱ እንኳ ሳቁ።

«ሰውየው ክፉ አልነበረም» አሉ መምሬ። «እናቴም አልዋሸችም። የመካከለኛው ጋራ ሰው ሥራ ነው። ልጄ መላኩ፣ በከንቱ ወቅሰንሃልና ይቅር በለን። በል ቆልፈው።»

መላኩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባብኝ መሰለኝ።

ቁልፉ ተበጀ። ጉባኤው እንደገና ኢንተርኔት ቤት ተሰበሰበ። ከአድራሻው አጠገብ ትንሽዬ የቁልፍ ምልክት ተቀምጣለች፤ ቤተ ክርስቲያኗ ብቻዋን ናት። አቶ አድማሱ ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ጀርባም ዞረው አረጋገጡ። ዋጋው ስንት ነው ሲሉት፣ መላኩ በነፃ ነው አለ፤ ለፈለገ ሁሉ እንዲሁ የሚያድሉ ሰዎች ባሕር ማዶ አሉ። እኔ ጓጉንቸር ነጋዴ ነኝ፤ አንድም ቀን ለማንም በነፃ ሰጥቼ አላውቅም።

«ስመ ክርስትናቸው ማን ነው?» አሉ መምሬ። «በጸሎት እናስባቸው።»

መላኩ ስማቸው ቀርቶ ቁጥራቸውንም አያውቅም። ቀጥሎ ባለው እሑድ መምሬ ዕጣንና ጧፍ ያገቡትን በየስማቸው ካሰቡ በኋላ፣ «በማናውቀው አገር ሆነው ቁልፍ የሰጡንን፣ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ» አሉ። ሕዝቡ ነገሩ ባይገባውም «አሜን» አለ። የኔ አሜን ግን ከልብ ነበር። ውለታቸውን የማልመልስላቸው፣ ፊታቸውን የማላያቸው ሰዎች ለመላኩ ስሙን መለሱለት፤ ለኔም ሽምግልናዬን።

ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሽማግሌዎች ሄድን። ደንቡ «እንመካከር» ብሎ መመለስ ነበር፤ መምሬ ግን ተቀመጡ እንኳ ሳይሉን «ሰጥቻለሁ» አሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉን፤ መካነ ብርሃን የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ከሰው አፍ ቢሰሙ ይቀየማሉና፣ እሳቸው ራሳቸው እስኪነግሯቸው ድረስ ወሬው እንዳይወጣ። ሦስታችንም ማልን። ሦስታችንም ለየሚስቶቻችን ብቻ ነገርን።

በማግስቱ ጠዋት የመምሬ ስልክ ጮኸ። ወንድማቸው ናቸው። አልተቀየሙም፤ ደስታቸው ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። «እንኳን ደስ ያለህ! ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ መሆኑን ሰምቼ በጉን አሁኑኑ አሰርሁት» አሉ።

ቀን የሚባል ነገር ማንም አልቆረጠም ነበር። መምሬ ስልኩን እንደያዙ ትርንጎን አዩዋት፤ ትርንጎ መሬቱን አየች፤ ፈገግታዋን ግን መሸሸግ አልቻለችም። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ። ቀኑን የጨመረልን ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር ይስጠው።