ሦስት ሽማግሌ በአንድ ጉሮሮ

እሑድ ጠዋት ወደ ዘቢደር አባት ቤት ሦስት ሽማግሌ ልኬ መልስ ስጠብቅ፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። እንኳን ለሌላ ለራሴም የሚያሳፍር ሕልም ነው።

መንገድ ላይ ነበርኩ። ሚኒባሱን እኛ ተሳፋሪዎቹ ተሸክመን እንሮጣለን። ሚኒባሱ «ወራጅ አለ» ሲል ዝቅ አደረግነው፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል ሄደ። ቸኩዬ ስለነበር አልተቀየምኩም። ወዲያው ራሴን በገዛ የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ውስጥ አገኘሁት። አሮጌ ኮምፒውተሮች ነጭ ካፖርት ደርበው ሰው ይፈታሉ። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ደረታቸው ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመዋል፤ አቧራቸውን በብሩሽ ያራግፉላቸዋል። እኔንም አንዱ ኮምፒውተር ያዘኝና ጉሮሮዬን በካቻቢቴ ፈትቶ አንዲት ቁልፍ የምታክል ድምፅ ማውጫ ገጠመልኝ።

«ይቺ ጢጥ ከማለት ሌላ አታውቅም» አለኝ። «በአንድ ጊዜም የምታወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዋስትና የላትም።»

ከሱቄ በር ስወጣ የዘቢደር አባት ሳሎን ገባሁ። ቤቱ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። አባቷ አቶ ይግለጡ ጀርባው ያበጠ ግራጫ ስክሪን ሆነው፣ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ሽማግሌ ሦስት ነው» አሉኝ። «ሁለቱ የታሉ?»

ዞር ብዬ ባይ ከኋላዬ ማንም የለም። ዘቢደርን በሰው ጉድለት ላጣት ነው ብዬ ክፉኛ ፈራሁ። ያን ጊዜ ሥራዬ ትዝ አለኝ። አሮጌ ማሽን ላይ በአንዲት ጢጥ ባይ ሦስት ድምፅ ያለው ዘፈን ለማዘፈን፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ቅንጣት ጊዜ እየሰጠን በፍጥነት እናፈራርቃቸዋለን። ጆሮም ይታለልና ሦስቱ አብረው የሚዘፍኑ ይመስለዋል። እኔም ከአንዱ ሽማግሌ አንድ ቃል፣ ከሌላው አንድ ቃል እያልኩ ጀመርኩ።

«ልጃችን፣ ከቤታችሁ፣ እግዜር፣ ጨዋ፣ ልጅ፣ ያክብርልን፣ ነው፣ ፈልገን፣ ጌታው…»

«ይኼ ሰው ጤና የለውም» አሉ አንዲት አክስቷ፤ እሳቸው የወረቀት ማተሚያ ነበሩ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ባለመቸኮሌ ነበር። ፈጠን አልኩ። ገና ፈጠን ስል ሦስት ሽማግሌ ከጉሮሮዬ ጥርት ብለው ተሰሙ፤ እንዲያውም አንዳቸው እህህ ብለው ሳሉ። ኮምፒውተሮቹ ብድግ ብለው እንድንቀመጥ ለመኑን። እኔ ግን መቀመጥ ቀርቶ መተንፈስ አልቻልኩም። ለአፍታ ካረፍኩ ሦስቱም ይጠፋሉ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል።

ዘቢደር ከጓዳ ብቅ አለች። ከቤቱ ሁሉ እሷ ብቻ ሰው ነበረች።

«ሽማግሌዎቹን ሰምቻለሁ» አለች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

አራተኛ ድምፅ ጨመርኩ። ድምፅ በበዛ ቁጥር ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ ይኼን እኔም ልለውጠው አልችልም። እወድሻለሁ ያልኩት ከሽማግሌዎቹ ሳል ሥር ገብቶ ቀረ። ደግሜ አልኩት። ጠጋ ብላ ጆሮዋን ሰጠችኝ፤ አሁንም አልተሰማትም። ልጮህ ስል ስልኬ ቀድሞኝ ጮኸና ነቃሁ።

የደወሉት አጎቴ ጋሽ አስናቀ ነበሩ፤ ከላክኋቸው ሽማግሌዎች አንዱ። ከአቶ ይግለጡ ግቢ ሆነው እየተንሾካሾኩ የሆነውን ነገሩኝ። መጀመሪያ ሦስቱ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲባባሉ ቆዩ። «ቅደም» መባባሉ ሲያልቅ ሦስቱም እኩል ጀመሩ፤ ጀምሮ ማቆም ደግሞ ለሽማግሌ ነውር ነውና ማንም አላቆመም። አንዱ «ልጁ መሐንዲስ ነው» ሲሉ፣ ሌላው ነጋዴ ነው አሉ፤ ሦስተኛው ውጭ አገር ሊሄድ ነው አሉ። አቶ ይግለጡ ልጃቸውን የሚጠይቁት ወንዶች ስንት እንደሆኑ ጠየቁ። በዚህ ሦስቱ ተወነጃጅለው ተጣሉ፤ አንዱ ከዘራቸውን አንስተው ወጥተው በልመና ከበር ተመለሱ። አሁን አቶ ይግለጡ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው፣ ሁለት ጎረቤት ጨምረው እያስታረቋቸው ነው።

«እኔስ?» አልኳቸው፤ ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። «ስለ እኔ ምን አሉ?»



«አንተን እንኳ» አሉኝ ጋሽ አስናቀ፣ «ከዚያ ወዲህ ያነሳህ የለም።»