ለልጁ የሚሆን ላፕቶፕ

ጌታነህ፦ ጥቁሩ ይሻላል። ጥቁር እድፍ ይችላል።

አንጁሎ፦ አቧራ ግን ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው።

ጌታነህ፦ ይጠረጋላ።

አንጁሎ፦ ከተጠረገማ ብርማውም ይጠረጋል።

ጌታነህ፦ አበልጄ፣ የምናወራው ስለ ላፕቶፕ ነው ወይስ ስለ መጥረግ?

አንጁሎ፦ [ትንሽ አስቦ] እኔ ስለ አቧራ ነበር።

ይህ የሆነው ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ አራዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ባለሱቋ አሳየሽ ጥቁሩንና ብርማውን ላፕቶፕ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ከፍታ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ክንዷን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ጌታነህ የሚቸኩልበት ጉዳይ አልነበረውም። እንዲያውም "አስመርጠኝ" ተብሎ ከተለመነበት ሰዓት ጀምሮ ደስ ብሎት ነው ያደረው።

ጌታነህ በዞኑ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ነው። ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የለም። አንድ ጊዜ ግን የቢሮው ፕሪንተር እምቢ ሲል አጥፍቶ አበራውና ሠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ጠረጴዛ ይመጣል፤ እሱም ያጠፋል፣ ያበራል። ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ሳይሠራ ሲቀር "ይኼ የሲስተም ችግር ነው" ይላል፤ ሰዉም አምኖት ይመለሳል።

አንጁሎ የገሱባ ሰው ነው። ከገበሬው ዝንጅብል እየሰበሰበ ሶዶ አምጥቶ ይሸጣል። የተዋወቁት ጌታነህ በወጣትነቱ ኦፋ ወረዳ ተመድቦ ሲሠራ ነው፤ እዚያው አበልጅ ሆኑ። በእነዚያ ዓመታት ጌታነህ በአንጁሎ ቤት ያልበላበት በዓል አልነበረም። ይወደዋል፣ ጥሩ ሰው ነው ይለዋል። ብልህ ሰው ነው ብሎት ግን አያውቅም። ለዚህ ምክንያቱ በአብዛኛው አማርኛው ነው። አንጁሎ አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ፣ አማርኛ ሲናገር አንዳንዴ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ ጌታነህ ደግሞ ማረም ይወዳል። ያን ዕለት ጠዋት ገና መናኸሪያ እንደተገናኙ አንጁሎ "ዓመለወርቅ ሰላም ብሎሃል" አለው፤ ዓመለወርቅ ሚስቱ ናት። ጌታነህ "ብላሃለች በል" አለ። አንጁሎም "ብላሃለች" ብሎ፣ እጁን እንደገና ዘርግቶ፣ ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ስልክ የደወለው በዋዜማው ነበር። "ለልጁ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። አንተ ታውቃለህ፤ አብረን እንምረጥ" አለው። ጌታነህ ስልኩን ዘግቶ፣ ከገሱባ ሳይቀር ለምክር እንደሚፈለግ ለባልደረቦቹ ነገራቸው። "ለልጁ" የተባለውንም እዚያው በልቡ አረመው። የአንጁሎን ቤት ያውቀዋል። እዚያ ቤት ለትምህርት የደረሰችው ሊድያ ብቻ ናት፤ ሊድያ ደግሞ ሴት ናት።

አሁን አሳየሽ ስለ ብርማው ማስረዳት ጀመረች። ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው ስትል አንጁሎ ጆሮውን አቀና።

አንጁሎ፦ ጄኔሬሽን ምንድን ነው?

ጌታነህ፦ ትውልድ ማለት ነው።

አንጁሎ፦ እስከ ስምንት ይቆጠርለታል?

ጌታነህ፦ ይቆጠርለታል።

አንጁሎ፦ ጥቁሩስ?

ጌታነህ፦ [ጎንበስ ብሎ የተለጠፈበትን አንብቦ] አራተኛ።

አንጁሎ፦ እንግዲያ ብርማው ዘሩ የታወቀ ነው። ጎሳውስ?

ጌታነህ፦ ለጋብቻ አይደለም የምንፈልገው።

አሳየሽ ቀጠለች። የብርማው ሚሞሪ የጥቁሩን እጥፍ እንደሚሆን ነገረቻቸው። ጌታነህ ይህንንም ለአበልጁ መተርጎም የእሱ ድርሻ መሆኑን ስላመነ፣ ሚሞሪ ማለት ላፕቶፑ የሚያስታውስበት ቦታ እንደሆነ አስረዳው።

አንጁሎ፦ ጥቁሩ ይረሳል ማለት ነው?

ጌታነህ፦ አይረሳም። ቀስ ብሎ ያስታውሳል።

አንጁሎ፦ እንደኔ።

ጌታነህ፦ እንዳንተ።

[አሳየሽ ወደ መንገዱ ዞር ብላ የምታየው ነገር አገኘች።]

ከዚያ አንጁሎ ስለ ባትሪው ጠየቀ። አሳየሽ ብርማው አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ግማሽ ቀን እንደሚቆይ፣ ጥቁሩም ሶኬቱ ካልተነቀለ ቀኑን ሙሉ እንደሚቆይ መለሰችለት። አንጁሎ ይህን በጥሞና አሰበበትና፣ መብራት በሚጠፋበት ጊዜስ ራሱን ችሎ የሚቆየው አይሻልም ወይ አለ። ጌታነህ መብራት ሲጠፋ ልጆች መተኛት እንዳለባቸው፣ ይህም ለጤና እንደሚጠቅም አስረዳው።

አንጁሎ፦ ልጁ ግን መሳል ይወዳል። ድልድይ ይስላል።

ጌታነህ፦ ልጅቷ በል።

አንጁሎ፦ [አሳየሽን፣ ከዚያ ጌታነህን አይቶ] ልጅቷ?

ጌታነህ፦ ልጅቷ። ድልድይ ትስላለች።

አንጁሎ፦ እሺ። ልጅቷ ድልድይ ትስላለች።

ከዚያ አንጁሎ ከወትሮው ረዘም አድርጎ አወራ። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የእግረኛ መሸጋገሪያውን ወስዶት ነበር። ሰው ሁሉ አዝኖ ሲመለስ ይህ ልጅ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። ውሃው በየት በኩል እንደገፋው አየ፤ የተረፉትን እንጨቶች በእጁ ለካ። ከዚያ ተቀምጦ ውሃ የማይወስደው ድልድይ በስልክ ላይ ሳለ፤ ሳይጥመው ሲቀር አጠፋው፣ ደግሞ ሳለው። ስልኩ ጠቦት እንጂ ሐሳቡ አልጠበበውም። የወረዳው የመንገድ ባለሙያ አይቶት "ይኼን ልጅ ጠብቁት" ብሏል። አንጁሎ ይህን ሁሉ ሲናገር፣ ጌታነህ ጥቁሩን ላፕቶፕ ገልብጦ የሆዱን ብሎኖች ይመረምር ነበር።

አንጁሎ፦ አንተማ ታውቀዋለህ። እኔ ምን እነግርሃለሁ።

ጌታነህ፦ አውቃታለሁ እንጂ። ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ዛሬ ይስላሉ፣ ነገ ይተዉታል።

አንጁሎ፦ ይኼኛው የሚተወው አይመስለኝም።

ጌታነህ፦ ይቺኛዋ።

አንጁሎ፦ ይቺኛዋ።

ጌታነህ፦ እውነቱን ልንገርህ? ብርማው ይበዛባታል። ጥቁሩ ያስጽፋል፣ ያስነብባል። ከዚያ በላይ ምን ልትሠራበት ነው?

አንጁሎ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ይኼን የምትለው ከልብህ ነው?

ጌታነህ፦ ከልቤ ነው።

አንጁሎ፦ ልጅ እኮ ነው።

ጌታነህ፦ ልጅ ስለሆነ ነዋ።

አንጁሎ ወደ አበልጁ ጠጋ አለ። ከዚያ ስለ እሱ ኪስ እንዳያስብ፣ ዘንድሮ ዝንጅብሉ ጥሩ እንደነበር፣ የመጣውም ለብርማው የሚበቃ ይዞ እንደሆነ ነገረው። ጌታነህም፣ ስላንተ ካላሰብኩ ስለ ማን ላስብ አለው። ይህን ሲሰማ አንጁሎ ትከሻውን ያዝ አድርጎ "ሎኦ" አለ፤ በወላይትኛ ጥሩ ማለት ነው። ጌታነህ ምክሩ እንደገባው ቆጠረ።

አሳየሽ ተማሪዋ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቀች። ሁለቱም በአንድ አፍ "ዘጠነኛ" አሉ። ጥቁሩ ተጠቀለለ። ጌታነህ መጨረሻ ላይ የእውቀቱን ያህል መከራከርም እንደሚችል ለማሳየት፣ ለገጠር ልጅ ነው፣ ትንሽ ብትጨምሪበት ምናለ ብሎ ቦርሳና ማውስ አስመረቀ። ሲወጡ ደረቱ ቀና ብሎ ነበር።

[በር ላይ። አንጁሎ ቦርሳውን ወደ ጌታነህ ዘረጋ።]

አንጁሎ፦ እንካ።

ጌታነህ፦ ልያዝልህ?

አንጁሎ፦ ውሰደው። እኔ ሚኒባሱ ሳይሞላ ልድረስ።

ጌታነህ፦ የት ልውሰደው?

አንጁሎ፦ ለልጁ ነዋ።

ጌታነህ፦ እኔ ገሱባ ምን አስኬደኝ?

አንጁሎ፦ ገሱባ ለምን ትሄዳለህ? ፍሬዘር ቤት የለም እንዴ?

[ጌታነህ ቦርሳውን እንደያዘ መንገዱ ላይ ቆመ። አንድ ባጃጅ ክላክስ አደረገበት። አልተነሳም። ባጃጁ ዞሮት አለፈ።]

ጌታነህ፦ ፍሬዘር? የኔ ፍሬዘር ምን አገባው?

አንጁሎ፦ የሱ ነዋ ላፕቶፑ። ክርስትና ያነሳሁት እኔ አይደለሁም? ዘጠነኛ ስትገባ እገዛልሃለሁ ብዬው ነበር።

ጌታነህ፦ ለሊድያ መስሎኝ።

አንጁሎ፦ የሊድያማ ባለፈው ተገዛ።

ጌታነህ፦ የትኛው?

አንጁሎ፦ ይኼው ብርማው ዓይነት።

ጌታነህ፦ ማን መረጠላት?

አንጁሎ፦ ራሱ መረጠ። [ቶሎ ብሎ] ራሷ መረጠች።

ጌታነህ ቁጣም ልመናም በተቀላቀለበት ድምፅ፣ ታዲያ ለምን ለፍሬዘር ነው አላልከኝም አለው። አንጁሎ በጥያቄው ተገረመ።

አንጁሎ፦ በስልክ ልጁ አልኩህ። እዚህም ልጁ አልኩህ። አንተ ልጅቷ በል አልከኝ።

ጌታነህ፦ የገዛ ልጄን ልጅቷ ስል ዝም ትለኛለህ?

አንጁሎ፦ እያቆላመጥከው መስሎኝ። አማራ ወንድ ልጁን ሲወድ አንቺ ይል የለ?

ጌታነህ፦ ጥቁሩን ግዛ ስልህስ? ይበዛባታል ስልህስ?

አንጁሎ፦ ለኔ አዝነህ መሰለኝ። አበልጄ እንዳይጎዳ ብለህ የልጅህን የቀነስክ መስሎኝ... [ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ] ሆዴን ነው የበላኸው።

ጌታነህ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሲስተም አንድ ነገር ይል ነበር። አሁን ግን ሱቅ ውስጥ የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ይመጣበት ጀመር። በየመሃሉ ደግሞ አንጁሎ ሲያወራ በግማሽ ጆሮ የሰማው፦ የሞላው ወንዝ፣ ዳር ላይ ቆሞ የቀረው ልጅ። ፍሬዘር ክረምቱን ክርስትና አባቱ ዘንድ እንደሰነበተ ያውቃል፤ ራሱ ነው የሸኘው።

ጌታነህ፦ ድልድዩን...

አንጁሎ፦ የቱን ድልድይ?

ጌታነህ፦ ድልድይ ይስላል ያልከው። ፍሬዘር ነው?

አንጁሎ፦ [ቀስ ብሎ] አላሳየህም?

አሳይቶት ነበር። ቢያንስ ሊያሳየው መጥቶ ነበር። ልጁ ከገሱባ በተመለሰ ሰሞን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ "አባዬ፣ እየው" ብሎ አጠገቡ ቆሟል። ጌታነህ ቀና ሳይል "ያንን ስልክ አስቀምጥና አጥና" አለው። ልጁም አስቀመጠ። ምን ሊያሳየው እንደመጣ ጌታነህ አልጠየቀም፤ ጨዋታ መስሎት ነበር።

ዞሮ ወደ ሱቁ ገባ። አንጁሎም ሚኒባሱን ረስቶ ተከተለው። አሳየሽ ብርማውን ገና መደርደሪያው ላይ ልትመልሰው ነበር።

አሳየሽ፦ ጋሼ፣ የጎደለ ነገር አለ?

ጌታነህ፦ ብርማውን ስጪኝ። ልዩነቱን እኔ ነኝ የምከፍለው።

አንጁሎ ከኋላው ሆኖ ስጦታው የእሱ እንደሆነ፣ የሚጨመርም ካለ እሱ እንደሚጨምር ተናገረ። ጌታነህ እጁን ያዘው። ይኼን ተውልኝ አለው፤ አንጁሎም ፊቱን አይቶ ተወለት። አሳየሽ ጥቁሩ ከተጠቀለለ ወዲህ ካልተከፈተ መለወጥ እንደሚቻል ነገረቻቸው። አልተከፈተም ነበር። ብርማውን እየጠቀለለች ግን ነገሩ ከነከናት።

አሳየሽ፦ ለገጠር ልጅ ይበዛል አላሉም ነበር?

ጌታነህ፦ [ዓይኑን ከባንኮኒው ሳያነሳ] ልጁ ከተማ ገባ።

አሳየሽ፦ ልጁ? ሴት ልጅ አልነበረችም እንዴ?

[ጌታነህ ገንዘብ መቁጠር ያዘ። አሳየሽ ወደ አንጁሎ ዞረች።]

አንጁሎ፦ [በእርጋታ] አትፍረጂበት። አማርኛ ትንሽ ያስቸግረዋል።